የአስታማሚ ስንቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! ከመካከላችን እናቱን የሚጦር፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነ አባቱን የሚያገላብጥ፣ አያቱን የሚያጎርስ ወጣት ብዙ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ዕረፍትም የለውም። አገልግሎቱን ጽድቅ ነው ብለን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን የዚህ ልጅ ኪስ ምን እንደያዘ፣ ነገ በምን እንደሚኖር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲያስተምር (ሉቃ. 10) ስለ ዘይትና ወይን ብቻ አልነገረንም፤ ስለ ገንዘብም ነግሮናል። ሳምራዊው ቁስለኛውን በእንግዶች ማረፊያ ካሳደረ በኋላ በማግስቱ ለባለቤቱ 2 ዲናር ሰጠ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ዋጋ ነበር (ማቴ. 20)። ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ልብ እንበል፤ ያለውን አልበተነም፣ መንገዱንም አልተወም። የዛሬውን ከፈለ፣ ለነገው አሰበ፣ ሸክሙንም ከሌላ ሰው ጋር ተካፈለ። ርኅራኄና ሒሳብ በአንድ ልብ አብረው አደሩ።

አንዳንዶች «ጌታ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሎ የለምን?» ይላሉ። አዎን፣ መጨነቅን ከልክሏል፤ ማሰብን ግን አልከለከለም። በ5 እንጀራ 5 ሺህ ሰው ያጠገበ ጌታ ትርፍራፊው እንዳይባክን አዝዞ 12 መሶብ አስነሥቷል (ዮሐ. 6)። ዮሴፍም በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ያከማቸው እምነት ጎድሎት አልነበረም፤ እግዚአብሔር የገለጠለትን ስላመነ ነው እንጂ (ዘፍ. 41)።

ስለዚህ አስታማሚ ወጣቶች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እነዚህን አስቡ።

አንደኛ፣ ደብተር ያዙ። የታማሚው ገንዘብና የእናንተ ገንዘብ አይቀላቀል። ዓረብ አገር ያለች እኅት የላከችው፣ ለመድኃኒት የወጣው፣ የታክሲውም ሳይቀር ይጻፍ። ደብተር ከሐሜት ይጠብቃል፤ ወንድማማቾችንም ከጠብ ያድናል።

ሁለተኛ፣ ቤተ ዘመድ ሰብስቡ። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፣ የሌለው ቀኑን ያዋጣ። የእናንተም ጊዜ መዋጮ መሆኑ በግልጽ ይነገር።

ሦስተኛ፣ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አትዘንጉ። መዋጮው ሕመም ሳይመጣ በየዓመቱ የሚከፈል ስለሆነ የእድሳቱ ጊዜ አይለፋችሁ። ዕድር ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው፤ ይህ ግን ለቁም ነው።

አራተኛ፣ ቤቱ የሚተዳደረው በአባት ጡረታ ከሆነ፣ አበሉ ለአካለ መጠን ለደረሰ ጤነኛ ልጅ እንደማይተላለፍ እወቁ። አባት ሲያርፍ ያስታመመው ልጅ አባቱንም የወር ገቢውንም በአንድ ቀን ያጣል። ውክልና ካስፈለገም ታማሚው ራሱን ሲያውቅ ይሰጥ፤ አእምሮው ከደከመ በኋላ መሮጥ አይጠቅምም።

አምስተኛ፣ ለራሳችሁ ስንቅ ያዙ። ጥቂትም ብትሆን ለዕቁብ ወይም ለባንክ ትቀመጥ፤ ትምህርታችሁንም በማታ ቢሆን ቀጥሉ። ይህ ስስት አይደለም። አስታማሚው ከወደቀ ታማሚውን ማን ያነሣዋል?

እኛስ የቀረነው? ወንድማችን ከጉባኤ ሲቀር «ሰነፈ» ከማለታችን በፊት ቤቱ እንሂድ። ሁለት ሁለት ሆነን በሳምንት ግማሽ ቀን ከታማሚው ዘንድ ብንቀመጥ፣ እርሱ ሥራ ይፈልጋል፣ ይማራል፣ ቅዳሴም ያስቀድሳል። ሞት በመጣም ጊዜ ለነፍስ ጸሎቱ ይደረግ፤ ስለ ተዝካር ድግስ ተብሎ ግን አስታማሚው ዕዳ ውስጥ አይግባ። ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ በሚል ሰበብ ወላጅን ያለ ረዳት መተው ጌታ አጥብቆ የገሠጸው ነገር ነው (ማር. 7)።

እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ሕማም መካከል፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19)። ለሚወዱት ሰው ነገን ማዘጋጀት የፍቅር ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ምን ያስተምረናል? አስታማሚዎችን ያጽናልን፤ እኛንም ሸክማቸውን የምንካፈል ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።