አረጋዊን ከመኝታው የሚያስነሣው ምንድር ነው?

የሰው ዕድሜ ወደ ምሽት ባዘነበለ ጊዜ ሥጋ ዕረፍትን ትለምናለች። ጉልበት ይዝላል፥ ወገብ ይጎብጣል፥ አጭር የነበረውም መንገድ ይረዝማል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ስለ ሆነ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው አንዱ በስድሳ ዓመቱ ከደጃፉ ሳይርቅ ተቀምጦ ሲቀር፥ ሌላው በሰማንያ ዓመቱ ምርኩዙን ይዞ አቀበት ሲወጣ መታየቱ ነው። ልዩነቱ የጤና ብቻ ነው እንዳንል፥ በጤና የማይበላለጡ ሁለት ሰዎች በዚህ ነገር ሲለያዩ እናያለን። ለመጀመርማ ብዙ ሰው ይጀምራል፤ ጥያቄው ግን አረጋዊውን ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ የሚያስነሣው ምክንያት ምንድር ነው የሚል ነው። ይህም የፈቃድና የፍቅር ጥያቄ ስለ ሆነ ለሐኪሞች ብቻ ልንተወው አይገባንም።

የምሥራቅ ጎጃምን ምድር እንመልከት። በቀድሞው አጠራር የብቸናና የሞጣ አውራጃ ይባል የነበረው አገር በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል ይገኛል። ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ በዚሁ ምድር የተተከሉ ናቸው። ወር በገባ በ21 የእመቤታችን፥ በ23 የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በሚውልበት ዕለት ነጠላቸውን ያጣፉ አረጋውያን አባቶችና እናቶች ከየመንደሩ በእግራቸው ይመጣሉ። «እናቴ፥ ይህን ያህል መንገድ ስለ ምን ይደክማሉ?» ተብለው ቢጠየቁ፥ «ለጉልበቴ ጤና ነው» ብለው የሚመልሱ ጥቂቶች ናቸው። አንዷ ስለት አለብኝ ይላሉ፤ ሌላዋ ዛሬ የጽዋ ተራዬ ነው ይላሉ፤ አንዱ አባትም የተጣሉ ባልና ሚስት ለዕርቅ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚጠብቋቸው ይናገራሉ። ከደረሱም በኋላ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቅዳሴውን ይቆማሉ፤ በጾሙም ወራት ይሰግዳሉ፥ ይነሣሉ። ስለ ሰውነታቸው አንዳች ሳያስቡ ሰውነታቸውን ሲያሠሩት ይውላሉ።

የዘመናችን ሐኪሞችም የሚመክሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ በመጠኑ የሚያደክም እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፥ በሳምንትም ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛኑን የሚያጸናና ጉልበቱን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲጨምር፥ ይህን ያልቻለ ደግሞ እንደ ዐቅሙ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። ጄሪ ሞሪስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው ጥናትም የታወቀ ነው። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ተቀምጦ ከሚነዳው ሾፌር ይልቅ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ በልብ ሕመም የሚጠቃው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ጥናት ሁሉን መደምደም አይገባም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ትኬት ቆራጩ ደረጃውን የወጣው ለልቡ ብሎ አልነበረም፤ ከላይ የሚጠብቀው ሥራ ስለ ነበረው ነው።

እንግዲህ ሰውን የሚያንቀሳቅሱትን ምክንያቶች ብንመረምር ሦስት ሆነው እናገኛቸዋለን። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ሐኪም «ካልተራመድህ ትታመማለህ» ሲለው አረጋዊው ደንግጦ ይነሣል። ፍርሃት ፈጥኖ ያስነሣል፤ ነገር ግን ሕመሙ ጋብ ሲል ፍርሃቱም ጋብ ስለሚል መንገዱ ይቋረጣል። ሁለተኛው የሰው ግፊትና ምስጋና ነው። ልጆቹ ሲያዩት ይራመዳል፥ ዘወር ሲሉ ይቀመጣል። ሦስተኛው ፍቅር ነው፤ ይኸውም የሚወዱት ሥራ፥ የሚወዱት ወዳጅ፥ የሚወዱት ደጅ ነው። ይህ ተመልካች አያሻውም። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ከውጭ በሚመጣ ግፊት የሚሠራውን ሥራ በገዛ ፈቃድ ከሚሠራው ለይተው፥ ሰው በራሱ ፈቃድ መሥራትን፥ እችላለሁ ማለትንና ከሌሎች ጋር መተሣሠርን እንደሚሻ አስተምረዋል። ወደ ጽዋ ማኅበሯ የምትሄድ እናት ሦስቱንም በአንድ መንገድ ታገኛለች፤ ወዳ ትሄዳለች፥ በገዛ እግሯ ትደርሳለች፥ የሚጠብቋትም አሏት።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ያሳየናል። ካሌብ በ85 ዓመቱ ከኢያሱ ፊት ቆሞ ዕረፍት አልለመነም፤ ተስፋ የተሰጠውን ተራራ ለመነ እንጂ። ሙሴ በ120 ዓመቱ ወደ ናባው ተራራ የወጣው የተስፋይቱን ምድር ያይ ዘንድ ነው። ነቢይት ሐና በመበለትነት አርጅታ ሳለ ከመቅደስ ያልተለየችው የምትጠባበቀው ስለ ነበራት ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ዕድሜውን ለማርዘም አልተነሣም፤ ሁሉም ከፊታቸው የሚጠራቸው ነገር ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ ቤተ ክርስቲያንን የጉልበት መድኃኒት፥ ስግደትንም ስፖርት ልታደርጉት ነውን?» የሚል አይጠፋም። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ለጉልበቱ ብሎ ብቻ የሚሰግድ ሰው ታላቁን ለታናሹ አገልጋይ አድርጎታልና ሥርዓትን ገልብጧል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋን ልምምድ ጥቅም ጥቂት፥ የመንፈሳዊነትን ጥቅም ግን ሰፊ አድርጎ ይነግረዋል፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ማለት ከንቱ ማለት አይደለም። ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ቤት ከሆነ ቤቱን መጠበቅ ነውር የለበትም። ስለ ስኳር ሕመሟ በማለዳ የምትራመድ እናት የምትመሰገን እንጂ የምትነቀፍ አይደለችም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ጤና የመንገዱ በረከት ይሁን፤ የመንገዱ መድረሻ ግን ከጤና የሚበልጥ ይሁን። መድረሻው ጤና ብቻ የሆነ መንገድ ጤና በጎደለ ቀን ትርጉሙን ያጣልና።

ከዚህም ጋር፥ የሰው ክብር በእግሩ ርምጃ እንደማይለካ አንርሳ። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ በእግዚአብሔር ፊት ከሚራመደው አያንስም። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛውን በማይችለው ስግደት አታስጨንቀውም፤ ራሱን ዝቅ ማድረግ የሚችል ራሱን ዝቅ ያደርጋል፥ ያም ያልተቻለው በልቡ ይሰግዳል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው በሌሎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛ ራሳችን በዚህ ነገር ተሳስተናልና። በምናገለግልበት ደብር ለብዙ ዓመታት ሌሊት እየተነሡ ደወል የሚደውሉ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ቤታቸው ከቁልቁለቱ በታች ስለ ነበረ በክረምት ጭቃ ሲወጡ እያየን እናዝን ነበር። አንድ ቀን ጠርተን፥ «አባባ፥ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ይረፉ፥ ደወሉን ዲያቆኑ ይደውል» አልናቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «እሺ የኔታ፤ ደወሉ ከተወሰደብኝ ግን በምን ሰበብ እነሣለሁ?» አሉን። እኛም ቀልድ መስሎን አለፍነው።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በየሰንበቱ፥ ኋላም በየዓመቱ በዓል ብቻ ይመጡ ጀመር፤ በመጨረሻም ቀሩ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ያ አቀበት ይወጣ የነበረ እግር ቀጥኖ፥ ከመደቡ ለመነሣት የልጅ ልጃቸው ደግፎ ሲያቆማቸው አየን። ምክንያቱ ሥራቸውን መተዋቸው ብቻ ነው ብለን ለመናገር አንደፍርም፤ ዕድሜም አለ፥ ሕመምም አለ። ነገር ግን ያን ጥያቄያቸውን በሰማን ጊዜ መልስ ሳንሰጥ ማለፋችን ኅሊናችንን ወቀሰው። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቀን፥ «የቅጥሩን በር ቁልፍ የሚይዝልን አጥተናል» ብለን ለመንናቸው። ውሎ አድሮ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፥ በየመካከሉ እያረፉ፥ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይመጡ ጀመር። እንደ ቀድሞው አልሆኑም፤ ነገር ግን መጡ።

ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። በአገራችን ልጅ ወላጁን የሚያከብረው «እርስዎ ይቀመጡ፥ እኛ እንሥራ» በማለት ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሳናውቀው ክብርን ከወንበር ጋር አንድ አድርገነዋል። ለአባቱ መቀመጫ ሰጥቶ ሥራውን ሁሉ የሚወስድ ልጅ፥ ሸክሙን ከጀርባው ሲያወርድለት የመነሻውንም ምክንያት አብሮ ሊያወርድበት ይችላል። ሸክም ማቅለልና ሰውን ከሥራው ማሰናበት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ለአረጋውያን ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ተራም እንስጣቸው። የሚያስታርቁት ሰው፥ የሚያስተምሩት ሕፃን፥ የሚጠብቁት በር ይኑራቸው። በማኅበርና በሰንበቴ የቀረ አረጋዊ ሲኖር ስለ ምን እንደ ቀረ እንጠይቅ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር ራሱን እንዳያደክም፥ በጾሙና በስግደቱም ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክር እንንገረው። ልጆችም ከመከልከል ይልቅ አብረው ይሂዱ፤ መንገዱን ያስተካክሉ፥ በየመካከሉ ማረፊያ ድንጋይ ያኑሩ፥ ጠንካራ ምርኩዝ ይቁረጡ። የቸኮለው ወጣት ርምጃውን በአያቱ ርምጃ ቢለካ፥ ለአያቱ ወዳጅ፥ ለራሱም ትምህርት ያገኛል።

እኛም ሃምሳውን ዓመት ያለፍን ሁሉ ይህን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርበው፤ ነገ ጉልበታችን «ተቀመጥ» ሲለን «ተነሥ» የሚለን ማን ይሆን? መልሱን በሽምግልና ሳይሆን ዛሬ ማዘጋጀት ይገባናል። ሰው በአረጀ ጊዜ ተነሥቶ የሚሄደው በብርታቱ ዘመን ወደ ወደደው ነገር ነውና።

የአረጋውያንን ርምጃ የሚያጸና አምላክ መጨረሻችንን ያሳምርልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።