ስለ ፈቃድ ጾምና ስለ ግድ ረሃብ

ምእመናን ሆይ፤ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አርባ መዓልትና አርባ ሌሊት ጾሞ በኋላ እንደ ተራበ ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ጽፎልናል። መራቡም የተዋሐደው ሥጋ በእውነት የእኛ ሥጋ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ መራብ ኃጢአት አይደለም፤ ፈጣሪ ለሥጋ ጠባቂ አድርጎ የሠራው መልእክተኛ ነው እንጂ።

የዚህን መልእክተኛ አካሄድ የዘመናችን ሊቃውንት መርምረው ገልጠዋል። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በደም በኩል ወደ አንጎል ይልካል፤ የሰውነትም ስብ ሌፕቲን በተባለው ሆርሞን ስንቅ መኖሩን ያስታውቃል።

አብርሃም ማስሎው የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ ሲያስቀምጥ ረሃብን ከመሠረቱ ላይ አኖረ፤ የታችኛው ሳይሟላ የላይኛው እምብዛም አይነሣም ሲል አስተማረ። እንግዲያስ በጣና ደሴቶች፥ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ መነኮሳት ሳይጠግቡ ሌሊቱን በምስጋና የሚያነጉት እንዴት ነው? ማስሎውም ራሱ ስለ እምነታቸው ሁሉን የሚተዉ ሰማዕታት መኖራቸውን አልካደም። ከፍላጎት ደረጃ በላይ ፈቃደ ነፍስ አለችና።

ነገር ግን ይህን ስንል አንታበይ። ጿሚው የተራበው በፈቃዱ ነው፤ ማታ የሚቈርሰውንም ያውቃል። በባሕር ዳር በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይ ግን ማታውን አያውቅም። በቆሎ ተማሪነት ያለፍን ካህናት ቁራሽ ባጣንበት ዕለት ቀለሙ አልገባ ይለን እንደ ነበር አንረሳም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር ሲባል 36 ወንዶች ወደው ለ24 ሳምንት ምግባቸው ተቀነሰ። ብዙዎቹ ስለ እምነታቸው ጦርነትን እምቢ ያሉ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ሐሳባቸው ሁሉ በመብል ተያዘ። በፈቃድ የጀመሩት እንዲህ ከሆኑ፥ ድህነት ያስገደደው እንዴት ይሆን?

እነሆ የጌታችን አብነት፦ ስለ ራሱ ረሃብ ድንጋዩን እንጀራ አላደረገም፤ ስለ ሕዝቡ ረሃብ ግን አምስቱን እንጀራ አበረከተ። ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡን እንዲያሰናብት ቢለምኑት፥ የሚበላውን እናንተው ስጡት አላቸው። እኛም በራሳችን ረሃብ እንታገሥ፤ በሌላው ረሃብ ግን አንታገሥ። ካህኑ ለተራበው ትዕግሥትን ከመስበኩ በፊት እንጀራ ያቅርብለት፤ ምእመኑም በጾም ያተረፈውን ምሳ ወደ ጎተራው አይመልሰው፥ ለነዳያን ይስጥ እንጂ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ያስተማረን እውነተኛ ጾም ይህ ነውና።