ተጓዡ አባት በዘር ቆጠራ ውስጥ

ሰው አባቱን፥ አያቱንና ቅድመ አያቱን ስለ ምን ይቆጥራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደ ቆጣሪው ጉዳይ ይለያያል። በላስታ ደጋ፥ እንደ ሌሎቹ የሰሜን አገሮች ሁሉ፥ ቆጠራው ለረጅም ዘመን ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው የጋብቻ ነው። ሁለት ወጣቶች ከመጣመራቸው በፊት ሽማግሎች ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሄደው ደም እንዳይገናኝ ያጣራሉ። ሁለተኛው የርስት ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ሐረጉ ከአቅኚው አባት መድረሱን በዳኛ ፊት ማስረዳት ነበረበት። በመጀመሪያው ቆጠራ ሰው ዘመዱን ይሸሻል፤ በሁለተኛው ዘመዱን ይሻል። ያው አንድ አያት በሠርግ ጊዜ እንቅፋት፥ በሙግት ጊዜ ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሁለቱም ቆጠራዎች ስለ አያቱ ሕይወት የማይጠይቁ መሆናቸው ነው። አቅኚ አባት የሚባለው መጀመሪያ መሬቱን ያቀናው ሰው ነው። ከዚያ በፊት ከወዴት መጣ? ምን አስመርሮት ተነሣ? ማንን ትቶ ሄደ? በደረሰበት አገርስ ማንን አገኘ? ለዳኛው ይህ ሁሉ ትርፍ ነገር ነው። ስለዚህም የተጓዘው ሰው ይጠፋና የደረሰው ሰው ብቻ ይቀራል።

ከላስታ ወጣ የሚባለው ትልቁ የስደት ትውፊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጎጃም የሚኖረው የአዊ ሕዝብ «ሰባት ቤት አገው» ይባላል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኩራ፥ መተከልና ዚገም የሚባሉት ቤቶች ከሰባት ወንድማማቾች የተገኙ ናቸው፤ የወንድማማቾቹም መነሻ ላስታ ነው። የቋንቋ ጥናት ዝምድናውን ያጸናል፤ ዘመኑን ግን እጅግ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የአዊው አውንጊና በዋግ የሚነገረው ኽምጣንጋ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ቋንቋዎች ናቸው። ሆኖም የአንዱ ተናጋሪ የሌላውን አይሰማም። እንዲህ ያለ ርቀት በጥቂት ትውልድ አይፈጠርም። ሰባቱ ወንድማማቾች የአንድ ቤት ልጆች ሳይሆኑ፥ በልዩ ልዩ ዘመን የተጓዙ አያሌ ቤተ ሰቦች ሳይሆኑ አይቀሩም። ትውፊቱ ዋሸ ማለት ግን አይደለም፤ ረጅሙን መንገድ በአንድ አባት ስም አሳጠረው እንጂ። ያሳጠረውም ለመያዝ እንዲመች ነው። የመንገዱ ድካም ግን አብሮ ተቆርጦ ወደቀ።

በላስታና በዋግ የቀሩት መኳንንትም ቢሆኑ ቆጠራቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጕዌ ነገሥታት ይስቡ ነበር። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ሲነግሡ፥ በአባታቸው ከዛጕዌ፥ በእናታቸው ከሰሎሞናዊው ሐረግ እንደሚወለዱ ይነገርላቸው ነበር። የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈሉት እጆች ግን በየትኛውም የሹመት ሐረግ ውስጥ የሉም። የንጉሡ ስም ለከተማው ስም ሆነ፤ የጠራቢዎቹን ድካም ትውፊቱ ከመላእክት ጋር አካፈለው። ከንጉሥ መወለድ ሲያስከብር፥ ከድንጋይ ጠራቢ መወለድ ግን ምን ሊያስገኝ?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1620 «ሜይፍላወር» በምትባል መርከብ 102 መንገደኞች ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አለቁ። ዘሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ1897 ማኅበር አቋቋሙ፤ አባል ለመሆን ትውልድን በማስረጃ እየቆጠሩ ከመርከቧ መድረስ ያሻል። የእንግሊዝ አጥቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ ክርስትናን፥ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ ስለ ያዙ፥ ፈላጊው የኑዛዜና የመሬት ውልም ስለሚያገኝ፥ ሥራው ከላስታው ሽማግሌ ይልቅ ይቀለዋል። ነገር ግን የመሬት ውል የእርሻውን ስፋት እንጂ ባለ ውሉ እናቱን እንዴት እንደ ተሰናበተ አይጽፍም። እነዚያ መንገደኞች የሰፈሩበት ቦታ ፓተክሴት የሚባል፥ ነዋሪዎቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በወረርሽኝ ያለቁበት መንደር እንደ ነበረም የትውልድ ሰንጠረዥ አያሳይም። በዚህ ረገድ የወረቀቱና የቃሉ ቆጠራ አንድ ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ የርስት ቆጠራ ሥራ ፈታ። አያት ከሙግት ነጻ ወጣ ሊባል ይቻል ነበር፤ ልጅ ልጁ ስለ ሰውዬው ራሱ የሚጠይቅበት ጊዜ የመጣ መስሎ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይቆይ ግን አዲስ ስደት መጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በመንግሥት ሠፈራ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ አገሮች የተወሰደው ሰው በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ይደርሳል። ረሃብ አስገድዶት የወደደ ነበረ፤ ሳይወድ የተጫነም ነበረ። ባል በአንድ መኪና፥ ሚስት በሌላው የሄዱበት፥ ልጅ ከወላጁ የተለየበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ከወሎ የተነሣው ሰው ከፊሉ በበለስ ሸለቆ በፓዊ ሠፈረ። ፓዊ ያለው በመተከል ነው፤ ከሰባቱ ወንድማማቾች የአንዱ ስም በሚጠራበት አገር።

መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር። ባዶ ግን አልነበረም፤ ጉሙዙ እያፈራረቀ የሚያርሰውና የሚያድንበት ጫካ ነበር። ስለሆነም የሠፋሪው የልጅ ልጅ አያቱን ሲፈልግ ሁለት በደል ጎን ለጎን ያገኛል፤ አያቱ ላይ የተደረገውና በአያቱ መምጣት ሌላው ላይ የደረሰው። አንዱን ብቻ አንሥቶ ሌላውን መተው ለሙግት ይመቻል፤ አያትን ማወቅ ግን አይባልም። «ማን ቀድሞ መጣ?» የሚለው ቆጠራ ዳኛ ሲያጣ ምን እንደሚሆን መተከል አይቷል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ አገር «መጤ» የሚለው ቃል ስድብ ብቻ አይደለም። የቀዳሚነት ክርክር ለመሬት ይዞታ አንድ ነገር ሊያስረዳ ይችል ይሆናል፤ እዚያው ተወልዶ ያደገን ልጅ ግን ከተወለደበት ቤት ሊያስወጣ አይገባውም። ጉሙዙንም የአያቱን ጫካ እርሳው የማለት መብት ለማንም አይሰጥም።

እንግዲህ መምህሩም ሆነ የተውኔት ደራሲው የሚጠየቁት ሌላ ዓይነት ቆጠራ ነው። መድረካችን አቅኚን ይወዳል፤ ምሳር አንሥቶ ሲመነጥር ያሳየዋል፥ ያስጨበጭብለታል። ከመነጠረው ጫካ ማዶ ቆሞ የሚመለከተውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። በ1977 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። ከላስታ ሲነሡ በሩን ማን እንደ ዘጋው፥ ከብቱ በስንት እንደ ተሸጠ፥ በመንገድ ማን እንደ ሞተና የት እንደ ተቀበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በበለስ ሸለቆ ሠፋሪው ሲወርድ ያዩ የጉሙዝ ሽማግሎችም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው። የርስቱ ቆጠራ ያልጠየቀውን እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቃል መስማት አይወድ ይሆናል። ቢሆንም ከተጓዡ አባት የተረፈው እውነት በሁለቱ መካከል ነው ያለው።

በፓዊ የሠፈራ መንደሮች የወጣላቸው መጠሪያ ቁጥር ነበር፤ መንደር 7፥ መንደር 14፥ መንደር 24 እየተባሉ ይጠራሉ። እዚያ የተወለደ ልጅ «አገርህ ወዴት ነው?» ሲባል በመጀመሪያ ቁጥሩን ይናገራል። የአያቱን አገር ስም የሚናገረው ጠያቂው ከቆየና ሁለተኛ ከጠየቀው ነው።