የማይታይ ሥራ

ማንም ለማያየው ሥራ መጠንቀቅ ለምን ያስፈልጋል? ብለን ብንጠይቅ፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌት መልሱን ይሰጠናል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ዓ. ም. በወጣው ቢ.ኤም.ደብሊው አር 12 የፊት ሹካ ውስጥ ሞላና ዘይት አሉ፤ ሞላው የመንገዱን ምት ይቀበላል፣ ዘይቱም ንዝረቱን ያበርዳል። የዘይቱ ማገጃ አርጅቶ ሲያፈስ፣ ውጪውን በጨርቅ መወልወል ለዓይን ይበቃል። ፍሪሲዮኑም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተሸሸገ ስለ ሆነ፣ ካምቢዮው ካልወረደ አይታይም። ስለዚህ ሰነፍ ሠራተኛ ያለቀውን ዲስክ ትቶ ሽቦውን ብቻ አስተካክሎ ይመልሳል። ባለንብረቱ አያውቅም፤ ዳገቱ ግን ያውቃል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ይለግማል።

እንግዲህ ቀለም የሚቀባ ሰው ምስጋናውን ወዲያው ይቀበላል፤ ውስጡን የሚጠግን ግን የማያመሰግነውን ሰው ሕይወት ይጠብቃል። እኛም ማንም የማይገልጠውን መዝገብ ስንጽፍ ይህን ዕዳ እናስብ።