ጎጂውን ሳያውቁ

ለመሆኑ ጉዳቱን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ጎጂውን ለይቶ ለማወቅ የመድከም ግዴታ አለበት? ጥያቄው የፍርድ ቤት ይመስላል። እኔን የገጠመኝ ግን በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ በበቀሉ አምስት የተምር ቡቃያዎች ምክንያት ነው።

ተምሩን በረመዳን ሰሞን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ናት። ሰባት ፍሬ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ተከልኩ፤ አምስቱ በቀሉ። የተምር ቡቃያ መጀመሪያ ላይ ዘንባባ አይመስልም፤ እንደ ሣር አንዲት ቀጭን ቅጠል ብቻ ብቅ ትላለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ በቅጠሎቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ፈዛዛ ነጠብጣቦች ታዩ። ከአፈሩ ደግሞ ጥቃቅን ጥቋቁር ዝንቦች ሲነሡ አየሁ። ፍርዱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ፍሊት ገዛሁ፤ በርና መስኮት ዘግቼ ነፋሁባቸው።

ዝንቦቹ ረገፉ፤ ነጠብጣቡ ግን ባሰበት። በዚያች ሌሊት ከችፑድ ግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ሕፃን ሲስል አደረ።

እውነቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የእነዚያ ዝንቦች ትሎች በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በአብዛኛው ሻጋታና ብስባሽ የሚበሉ ናቸው። እጅግ ከበዙ ለጋ ሥር ይነካሉ፤ መገኘታቸው ግን ከሁሉ በፊት የሚመሰክረው ውሃ በማብዛቴ ነበር። ምስክሮቼን ገደልኳቸው ማለት ነው። ጥፋተኛው ከቅጠሉ ሥር ተደብቋል፦ የግብርና ሰዎች ቀይ ሸረሪት የሚሉት፣ ዓይን እምብዛም የማያየው ባለ ስምንት እግር ፍጡር። ከነፍሳት ወገን ስላልሆነ ብዙው የነፍሳት መርዝ አይበግረውም፤ እንዲያውም እሱን አድነው የሚበሉትን ይፈጅለታል። ደጅ ቢሆን ዝናብ ያጥበዋል፣ ጠላትም አያጣም። ደረቅና ሞቃት አየር ወዳለበት ክፍል ቡቃያውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

መለየቱ ደግሞ ይህን ያህል አይከብድም። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዞ ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ነው፤ ከረገፈው ብናኝ መካከል የሚራመድ ካለ እሱ ነው። ጥጥ የመሰለ ነገር ከቅጠሉ ብብት ከተገኘ፣ ወይም በጥፍር የሚነሣ ቡናማ ቅርፊት ከተለጠፈ፣ ተባዩ ሌላ ነው። የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ከደረቀ ምናልባት ተባይ ጭራሽ የለም፤ ችግሩ የውሃ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ለዝንብ ማን ያለቅሳል?» አለኝ። አላለቅስም። ኋላ ቡቃያዎቹን ለይቼ፣ የቅጠሎቻቸውን ሥር በሳሙና ውሃ እያበስኩ፣ ከእንቁላል የሚፈለፈለው እንዳያመልጠኝ በየሳምንቱ እየደጋገምኩ ስንቱን እንደፈጀሁ ቁጥሩ አይታወቅም፤ ጸጸትም የለኝም። በጋቦን ሐኪም የነበረው አልበርት ሽዋይትዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1915 በኦጎዌ ወንዝ ላይ ሲጓዝ ሕይወትን ሁሉ ማክበር የሚለውን ሐሳቡን ያገኘ ሰው፣ እሱም ቢሆን በሽተኛ ለማዳን ተዋሲያን መግደል ነበረበት። የጠየቀው መግደሉ ግድ መሆኑን በየጊዜው እንድናጣራ ነው። የእኔ ፍሊት ይህን ፈተና አላለፈም። ዝንቧ ማን እንደሆነች ያልጠየቀ ሰው፣ ከችፑዱ ማዶ ማን እንደተኛም አልጠየቀም። ሁለቱ አለመጠየቅ አንድ ናቸው ባይ ነኝ፤ ወዳጄ አልተስማማም።

የሕፃኑ ሳል ከፍሊቱ ይሁን ከብርዱ ማረጋገጫ የለኝም። በራሴ ላይ ለመፍረድ ስደርስ ማስረጃ መፈለጌ ይገርመኛል። ሁለቱ ቡቃያዎች ደረቁ፤ ሦስቱ መስኮቱ ሥር አሉ። ጎረቤቴ ባገኘችኝ ቁጥር «ተምሮቼ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች። ደህና ናቸው እላታለሁ። ስለዚያች ሌሊት እስካሁን አልነገርኳትም።