«አልሐምዱሊላህ» ለሐኪም ጥያቄ መልስ ይሆናል?



እዚህ ስዊዘርላንድ ተወልደን ወይም በልጅነታችን መጥተን ያደግን ልጆች፣ ዙሪክም እንኑር ጄኔቭ፣ ማንም ሳይቀጥረን የምንሠራው አንድ ሥራ አለ። ከአባታችን፣ ከእናታችን ወይም ከአጎታችን ጋር ሐኪም ዘንድ ገብተን በመካከል እንቀመጣለን። ጀርመንኛውን ወይም ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ደግሞ መልሰን እናስተረጉማለን። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ? ምግብ እንዴት ነው?» ይላል። አባታችን «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኛ ይመለከታሉ።

ምን ብለን እንተርጉም? «ደህና ነኝ ይላሉ» ብንል እውነት ተናገርን? ሌሊቱን ሆዳቸውን ይዘው ሲገላበጡ እንዳደሩ ብንናገርስ ሶብራቸውን አፈረስንባቸው?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር እንዳስብበት ያደረገኝ የአጎቴ ሕመም ነው። አጎቴ የአርሲ ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት እዚሁ ዲቤንዶርፍ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ተገኘባቸውና በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከባዱ ነገር የጀመረው ቤት ከገቡ በኋላ፣ ማዕድ ላይ ነው።

በሽታው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል፤ ከዚያ የሚነሡ ሕመምተኞች እስከ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይመጣሉ። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በኬንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚወርደው መስመርም በሽታው ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ በጣም ትኩስ ምግብና መጠጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በተባለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ሕመምተኞች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ መጀመሪያ ደረቅ ምግብ፣ ቀጥሎ ፍትፍት፣ በመጨረሻ ውኃ እንኳ አልወርድ ሲላቸው። ስለዚህ የዝምታው ጉዳት የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። መዋጥ ያስቸገረው ዘመድ ካላችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሥራዬ ምህንድስና ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን በራሴ ቋንቋ ላስረዳችሁ። የአዋቂ ሰው የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ጨጓራው እንደ ቱቦ ጠብቦ ተሰፍቶ ወደ ደረት ይሳባል፤ ከቀረው ቧንቧ ጋርም ይገጠማል። እ.ኤ.አ. በ1913 ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ሐኪም ኒው ዮርክ ውስጥ ይህን ቧንቧ በደረት በኩል በተሳካ ሁኔታ ሲያወጣ፣ ታካሚዋ ምግብ የምታስተላልፈው ከአንገቷ እስከ ሆዷ በውጭ በኩል በተዘረጋ የጎማ ቱቦ ነበር። በዚያ ቱቦ እየበላች ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። ዛሬ ቱቦው የሰውየው የራሱ ጨጓራ ነው። ሆኖም ምግብ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቫልቭ የለም፣ ማጠራቀሚያው ጠቧል፣ ጨጓራን የሚያዘው ነርቭም ተቆርጧል።

ከዚህ የሚመጣውን መገመት አያስቸግርም። ጥቂት ጉርሻ ያጠግባል። ጋደም ሲሉ አሲዱና ሐሞቱ እስከ ጉሮሮ ይወጣል። አንዳንዴ ምግቡ ሳይፈጭ ወደ አንጀት ይንደረደራል፤ ሐኪሞች ይህን «ዳምፒንግ» ይሉታል። በተበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ቁርጠት፣ ላብ፣ የልብ ምትና ተቅማጥ ይመጣል። ወይም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ይወርድና ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያዞረዋል። የተገጠመበት ቦታ በጠባሳ ሲጠብ ደግሞ ምግቡ እንደገና ይያዛል። ለእያንዳንዱ ችግር ሐኪሞች የሚያደርጉት ነገር አለ፤ የጠበበውንም ያሰፉታል። ችግሩ ግን ከውጭ አይታይም። ሚዛን ክብደት መቀነሱን ያሳያል፤ ለምን እንደቀነሰ የሚናገረው ሕመምተኛው ብቻ ነው።

አጎቴ በአንድ ቀጠሮ ስለ ምግብ ሲጠየቁ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ቀስ ብዬ «አጎቴ፣ ምስጋናውን እነግራታለሁ፤ ከምሳ በኋላ ስለሚሆነውስ ምን ልበላት?» አልኳቸው። አቀርቅረው «ይህ ለሰው የሚነገር ነው? አላህን ለፈረንጅ ልክሰስ?» አሉኝ።

ይህን ቃል «የድሮ ሰው ነገር» ብለን ማለፍ አይገባንም። ከበስተጀርባው እውነተኛ ፍርሃት አለ። የሕመም አጅር በማማረር እንዳይጠፋ ይፈራሉ። ሐያእም አለበት፤ ስለ ተቅማጥ በወንድም ልጅ አፍ፣ በማያውቁት ሰው ፊት ማውራት ለትልቅ ሰው ቀላል አይደለም። ግን ዲናችን ራሱ ምን ያስተምረናል?

ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ አላህም (ሱ.ወ.) ታጋሽ ብሎ አወድሷቸዋል። መናገራቸው ከታጋሾች አላስወጣቸውም። ሰውስ ለሰው ሊናገር ይችላል? በቡኻሪ ስብስብ እንደተዘገበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሷን ሲያማት በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ሕመሟን አውጥታ ተናግራለች፤ እርሳቸውም አልገሠጿትም፣ ይልቁንም የራሳቸውን ራስ ሕመም ነገሯት።

ከሁሉ በላይ ወደ ጉዳያችን የሚቀርበው የዒምራን ኢብን ሑሶይን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ይህ ሶሓባ ኪንታሮት ነበረበት። ሰው ከሚያፍርባቸው ሕመሞች አንዱ ነው። እርሱ ግን ሄዶ ሶላቱን እንዴት እንደሚሰግድ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቀ። ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ተነገረው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድ ሕመምተኛ ሁሉ ከዚያ ጥያቄ ይጠቀማል። ዒምራን አፍሮ ዝም ቢል ኖሮ ይህን መልስ ከእርሱ ባላገኘን ነበር።

ለእኛ ለአስተርጓሚዎቹ የሚሆን ሌላ ዘገባም አለ። አንድ ሰው ወንድሙን ሆዱን አሞት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ፤ ማር እንዲያጠጣው ታዘዘ። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ተቅማጡ እንደባሰበት ተናገረ፣ ደጋግሞም ተመላለሰ። ዘወትር ከዚህ ዘገባ ስለ ማሩ እንሰማለን። እኔ ግን ልብ የምለው መልእክተኛውን ነው። የወንድሙን ሆድ ነገር እንዳለ ሳያሳምር ያደረሰ ሰው ነው። (ማሩን በተመለከተ፣ ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጣፋጭ ነገር ዳምፒንግ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድሞ የምግብ አማካሪውን ይጠይቅ።)

አሁን ወደ ትርጉሙ እንመለስ። «አልሐምዱሊላህ» ማለት «ደህና ነኝ» ማለት አይደለም። በመከራ ጊዜ «አልሐምዱሊላህ ዓላ ኩሊ ሓል» እንላለን፤ በማንኛውም ሁኔታ ምስጋና ለአላህ ይሁን ማለት ነው። ስለ ሁኔታው ጥሩነት ቃሉ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ «ኤስ ጌት ጉት» ብሎ መተርጎም ትርጉሙን መሳት ነው። ምስጋናው የሚቀርበው ለአላህ ነው፤ የሐኪሙ ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቃል። ሁለቱ አይጣሉም። «አላህን አመሰግናለሁ፤ ከበላሁ በኋላ ግን ልቤ ይመታል» ያለ ሰው አንዱንም አላጎደለም። አካል አማና ነው ብለን ካመንን የአማናውን ሁኔታ ለሚጠግነው መንገር ከጥበቃው ይቆጠራል። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ።

ከባዱ ጥያቄ ይቀጥላል። ሕመምተኛው «አትናገር» ካለስ? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። አስተርጓሚ ሰላይ አይደለም፤ ሰውየው ያላለውን በጀርመንኛ ጨምሮ ከጀርባው መናገር አማናን መብላት ነው። ውሸትም አይተረጉምም፤ «ምንም ችግር የለም» የሚል ቃል ከራሱ አይፈጥርም። «አልሐምዱሊላህ» ሲባል «አላህን ያመሰግናሉ» ብሎ ቃሉን እንዳለ ያደርሳል፤ ሐኪሟ ዝርዝሩን ልትጠይቅ ትችላለች። የቀረው ሥራ በቤት፣ በእርጋታ የሚሠራ ነው። ነፍስን የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ግን፣ ለምሳሌ ደም ማስመለስ፣ ውኃ እንኳ አለመውረድ ወይም ከባድ ትኩሳት፣ ነፍስን ማዳን ይቀድማል፤ ያኔ ዝም ማለት አይፈቀድም።

ሐያኡንም እናክብር። አባት በሴት ልጁ ፊት፣ እናት በወንድ ልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። ቀጠሮ ሲያዝ ሙያተኛ አስተርጓሚ እንዲጠራ ሆስፒታሉን መጠየቅ ይቻላል። ወይም ሕመምተኛው የበላውን፣ የበላበትን ሰዓትና የተሰማውን በራሱ ቋንቋ በደብተር ይጻፍ። የሰማነውን ደግሞ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ አናውጣው፤ የአጎት ሆድ ነገር የቡና ወሬ አይሁን።

አጎቴ በዚያ ቀን አልተናገሩም። ቤት ስንደርስ የዒምራንን ታሪክ አነሣንና ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሳቸው ጀመሩ፦ «አልሐምዱሊላህ። ከበላሁ በኋላ ያልበኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ወደ መጸዳጃ ቤት እሮጣለሁ።» ሐኪሟ ብዕሯን አነሣች። ወደ ምግብ አማካሪ ላከቻቸው፤ ይህን ምክር ሐኪም ሲያዝዝ መሠረታዊው የጤና መድን ይሸፍነዋል፣ የራስ ድርሻው እንዳለ ሆኖ። ምግባቸው በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሆነ። ውኃ ከምግብ ጋር መጠጣት ቀረ፣ ለብቻው ሆነ። ጣፋጭ ተቀነሰ፣ ማኘክ ረዘመ፣ የአልጋው ራስጌ ከፍ አለ። አሁንም ክፉ ቀን አላቸው፤ ግን ምን እንደሆነና ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ሱጁድ ሲወርዱ ሐሞቱ እንዳያስቸግራቸውም የሚቻለውን ሶላት ከምግብ በፊት ይሰግዳሉ።

በመጨረሻ ለማዕዳችን አንድ ቃል። እኛ ሰው እንዲበላ በመለመን የምንወድ ሕዝብ ነን። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ!» እንላለን፤ ጉርሻው ይከተላል። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ ያቺ አንዲት ጉርሻ የአንድ ሰዓት ሥቃይ ልትሆን ትችላለች። እምቢ ሲል የምናዝን ከሆነ ለእኛ ብሎ ይበላል፣ ከዚያ ተደብቆ ይሠቃያል። ስለዚህ በኢፍጣር ላይ ተምሩንና ሳምቡሳውን ከማቅረባችን በፊት «ምን ይስማማዎታል?» እንበል። ትንሽ ሳህን እናቅርብ፣ ቢተዉት አንቆጣ፣ ጾሙን አስመልክቶም አንጠይቃቸው፤ ለሕመምተኛ አላህ ፈቃድ ሰጥቷል፣ ዝርዝሩን ከሐኪማቸውና ከዓሊም ጋር ይመክሩበታል። እውነቱን የሚናገሩት ሲናገሩ የማይቀየማቸው ሰው ሲያገኙ ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ዓፊያ ያልብሳቸው፤ ለእኛም የሰማነውን እንዳለ የምናደርስበት እውነተኛ ምላስና የሚጠብቅ ልብ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።