የግድግዳው ዋጋና የቦታው ዋጋ

አንድ ሰው ያረጀ ቤት በርካሽ ገዝቶ፣ አድሶ ቢያከራይ፣ በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? የድካሙ? ያወጣው ገንዘብ? ወይስ የተከራዩ መቸገር? ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣብኝ አይደለም። ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ለመግዛት ስንመካከር ከርመናል።

ቤቱ እንደ ሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ሁሉ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ ነው። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት እንጨት ችግሯን ያቃለለላት ከባሕር ማዶ የመጣው ይኸው ዛፍ ነው። ይዘነው የሄድነው ባለሙያ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና፣ «ማገሩ ደህና ነው፤ የበሰበሰው እግሩ ነው» አለን። መሬት የነካውን የቋሚውን ጫፍ እርጥበት በልቶታል። እንግዲህ ሥሩን ድንጋይ ማስያዝ፣ ግድግዳውን እንደገና መምረግ፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግ፣ የዛገውን ቆርቆሮ መለወጥ ሊኖር ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ያስፈልጋል። ቀለም የመጨረሻው ነው። (ቀለም ብቻ ቀብቶ «የታደሰ ቤት» የሚል አከራይ ስንት አለ!)

የዚህን ሁሉ ወጪ ከተገቢ ትርፍ ጋር ከኪራይ መመለስ ነውር አይመስለኝም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ሻጩ የጠራልን ዋጋ የጭቃው አይደለም። ያንኑ ቤት ነቅላችሁ ራቅ ካለ ገጠር ብትተክሉት ማን ያን ያህል ይከፍላችኋል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ገበያው ግን በግድግዳ ስም የሚሸጠው ቦታውን ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ጆርጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ቤቱ የሠራው ሰው ነው፤ የቦታው ዋጋ ግን ከተማውን ያቀናው ሕዝብ ሁሉ የፈጠረው ነውና የጋራ ሊሆን ይገባል ሲል ተከራክሯል። መንገዱን እኔ አልሠራሁም፤ ጸበሉንም እኔ አላፈለቅሁም።

ታዲያ አከራይ ይጥፋ? ተሞክሯል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ከመቶ 15 እስከ 50 ቀነሰ። ደሀው ተከራይ ከመባረር ስጋት ዕፎይ አለ፤ ይህን አቃልሎ የሚያወራ ሰው ተከራይቶ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ብዙው የቀበሌ ቤት ጠጋኝ አጥቶ አረጀ። የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ጣሪያ ገንዘብ ለማውጣት ያመነታል። ስለዚህ አዳሹን የሚያስፈራራ ፍትሕ በዝናብ ወቅት አያስጠልልም።

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ክፍል ልምጣ። ውስጧ ከገጠር ለእንጦጦ ማርያም ጸበል የመጣች፣ ሳይሻላት ላለመመለስ የቆረጠች ሴት አለች። ጣሪያው ስለሚያፈስ ኪራይዋ ትንሽ ነው። ሻጩ «አስወጥቼ ነው የማስረክባችሁ» ብሎናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ የእሷ ግን በቃል ብቻ ነው።

«ባዶ ቤት ለማደስም ይመቻል» አለ ባልንጀራዬ።

«ጣሪያውን ስንጠግን ከጣሪያው ሥር ያለችውን ልናወጣ ነው?» አልሁት።

«አንተ ቤት ልታከራይ ነው ወይስ የምግባረ ሰናይ ድርጅት ልትከፍት?»

ንግግሩ ከክፋት አይደለም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ የሚያዋጣውም የዓመታት ቁጥባውን ነው። እኔ ግን በሽተኛ ሰው ጸበሉን ትቶ ሌላ ሠፈር ሊሄድ እንደማይችል እያወቁ በዚያ ልክ ኪራይ መቁረጥ፣ ያልሠሩትን መሸጥ ነው ባይ ነኝ። የቦዩን፣ የቆርቆሮውንና የሊሾውን ወጪ በዓመታት አከፋፍዬ አሰላሁት። ክፍሎቹን በተራ እናድሳለን፤ እሷም ወደ ታደሰው ትዛወራለች፤ ከዚያ ወጪ ድርሻዋን እንጂ የቦታውን ዋጋ አንጨምርባትም። ባልንጀራዬ ብዙ ከተከራከረ በኋላ፣ የሚጎድለው ገንዘብ ከእኔ ድርሻ ይቀነስ ብሎ ተስማማ።

ሻጩ «ከእነ ተከራይ ቤት የሸጠ ማን አለ?» እያለ ነው። እስካሁን ቀብድ አልሰጠንም።